አይኤምጂ 4782 የፋሲል ግንብ ነው

ጥምቀትን ጎንደር ሄዶ ማክበር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል፤ ስልኩን ያወጣል። የፋሲል ግንብ መግቢያ ስንት ነው? በስንት ሰዓት ይከፈታል? ከአየር ማረፊያው ከተማ ድረስ በምን ይኬዳል? ኔትወርኩ ካልተቆራረጠ በቀር ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጓደኛዬ ግን አንድ የሕዝብ የቱሪዝም ድረ-ገጽ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የመግቢያውን ዋጋ ሳያገኝ ወጣ።

ጓደኛዬ ማየት የተሳነው የሕግ ባለሙያ ነው። ስልኩ እንደ እኔም እንደ እናንተም ስልክ ተራ አንድሮይድ ነው፤ ልዩነቱ ቶክባክ መብራቱ ብቻ ነው። ቶክባክ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ጣታችሁን ወደ ቀኝ ስታንሸራትቱ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል፣ ሁለቴ መታ መታ ስታደርጉ ይከፍታል። የአይፎኑ አቻ ቮይስኦቨር ይባላል። ጓደኛዬ በዚህ ዘዴ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፣ በሞባይል ባንኪንግ ብር ይልካል፣ ዜና ያነባል። የድምፁን ፍጥነት ከመጨመሩ የተነሳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንድ ቃል አልለይም። እሱ ግን እየሰማ ይስቃል።

የድረ-ገጹን ስም አልጠራም፤ ስሙን ብጠራ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ይሆናል፣ ችግሩ ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ገጹ ሲከፈት ቶክባክ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር «አይኤምጂ 4782፣ ሊንክ» የሚል ነበር። ጣቱን አንሸራተተ። «አይኤምጂ 4790፣ ሊንክ።» አሁንም አንሸራተተ። «ስላይደር ፋይናል ፋይናል 2፣ ሊንክ።» እንደዚህ እያለ ስምንት ጊዜ ሄደ።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አለኝ።

ፎቶዎች ናቸው። የመጀመሪያው የፋሲል ግንብ ነው፣ ሁለተኛው የስሜን ተራሮች ጭላዳ፣ ሦስተኛው ላሊበላ። በጣም ያምራሉ፣ እውነቱን ለመናገር። እያንዳንዱን ሲነኩት ስለ ቦታው ወደሚያወራ ገጽ ይወስዳል። ግን ማንም ሰው ፎቶው ምን እንደሆነ በጽሑፍ አልነገረውም፤ ስለዚህ ስልኩ ያገኘውን ብቸኛ ስም፣ ካሜራው የሰጠውን የፋይል ቁጥር አነበበ። ድረ-ገጽ ላይ የሚጫን ማንኛውም ፎቶ በጽሑፍ የሚገለጽበት ቦታ አለው፤ ባለሙያዎቹ አልት ቴክስት ይሉታል። ለሚያይ ሰው አይታይም። ለማያይ ሰው ፎቶው ማለት ያ ጽሑፍ ነው። መሙላቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክፍት መተዉ ግን ሙዚየም ውስጥ ሁሉንም ዕቃ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ቁጥር መለጠፍ እንደማለት ነው።

እንደምንም የፋሲል ግንብ ገጽ ውስጥ ገባን። ታሪኩ በጽሑፍ ስለነበር በደንብ ተነበበ። ዋጋው ጋ ስንደርስ ግን ዝም። ለምን ዝም እንዳለ ሳየው የገባኝ ነገር ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ የመግቢያው ታሪፍ በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ የሚያወጡት እንዲህ ነው፤ ፌስቡክም ላይ ቴሌግራምም ላይ። ደብዳቤው ለእኛ ደብዳቤ ነው፣ ለስልኩ ግን እንደ ጭላዳው ፎቶ ያለ ፎቶ ነው። ፊደል የለበትም። ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ ሲሆንም ያው ነው። ማኅተሙ ለሕጋዊነት ካስፈለገ ይኑር፤ ግን ከሥሩ ያንኑ ቁጥር በጽሑፍ መድገም ማን ይከለክላል?

ከዚያ «ያግኙን» የሚለውን ሞከረ። የመልእክት ቅጹ ውስጥ ሦስት የመሙያ ሳጥኖች አሉ፤ ቶክባክ ሦስቱንም «የማስገቢያ ሳጥን» ብሎ አለፋቸው። የትኛው ስም፣ የትኛው ስልክ እንደሆነ አይታወቅም። በግምት ሞላው። መጨረሻ ላይ ሰው መሆንህን አረጋግጥ የሚል ሥዕል መጣ፤ ተጣመው የተጻፉ ፊደላትን አይቶ መገልበጥ ነው። በድምፅ የሚሰማ አማራጭ የለውም።

«ሰው መሆኔን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ብሎ ስልኩን አስቀመጠው። እየቀለደ ነው፣ ግን አልሳቅኩም።

ለምን እህትህን አትጠይቃትም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጉዞውን ያሰበው እናቱን ሊጋብዛቸው ነው። ከመጀመሪያ ደመወዙ ጀምሮ የሚያስበው ነገር ነው። እቤት ውስጥ ለማንም ሰው «ይቺን አንብቢልኝ» ካለ ወሬው በዚያው ምሽት እናቱ ጋ ይደርሳል፤ ደግሞም ምክንያቱ ይሄ ብቻ አይደለም። «ሰው ስጋብዝ እንኳን ሌላ ሰው ማስፈቀድ አለብኝ?» ነው ያለኝ። የተነፈገው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ እሱ ተጋባዥ ሳይሆን ጋባዥ መሆን ነው የፈለገው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው «የኛ አገር ስንት ችግር እያለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያወጣል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሄን ክርክር በገንዘብ ቋንቋ ልመልሰው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም 16 በመቶው ወይም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለባቸው። ቱሪስት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይጓዝም። ጓደኛዬ ቀረ ማለት እናቱም ቀሩ ማለት ነው፤ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁለት መግቢያ፣ የሦስት ቀን ሆቴል፣ ባጃጅ፣ ምሳ፣ አስጎብኚ። ከውጭ አገር የሚመጣውን ደግሞ አስቡት። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ልጅ አባቱን በዊልቸር ይዞ የተወለዱበትን አገር ሊያሳያቸው ሲያስብ፣ ከመምጣቱ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ደረጃ አለው?» የሚል ነው። መልሱን ካላገኘ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቁጭ ብሎ ይመለሳል። ገንዘቡን የት ሊያጠፋው እንደነበር ማንም ሪፖርት ውስጥ አያስገባውም፤ ያልመጣ ቱሪስት አይቆጠርምና።

ወጪውስ? ወጪው ከሁሉም በላይ የሚወሰነው ነገሩ መቼ እንደታሰበበት ነው። ሕንፃ ሲሠራ መወጣጫ ራምፕ አብሮ ከተነደፈ የሲሚንቶና የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ማፍረስ ነው። ድረ-ገጽም እንደዚያው ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ የሲድኒ ኦሊምፒክ ነው። ብሩስ ማጓየር የሚባል ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ የ2000ውን ኦሊምፒክ ድረ-ገጽ በብሬይል ማሳያ መጠቀም ቢያቅተው እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገሩ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት አለ። ቅሬታው ከኛው ጓደኛ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ፎቶዎቹ ገላጭ ጽሑፍ የላቸውም፣ ከመርሐ ግብሩ ወደ ስፖርቶቹ ዝርዝር መሄድ አይቻልም፣ የውጤት ሠንጠረዦቹ አይነበቡም። የኦሊምፒኩ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠው መልስ ማስተካከሉ ከሁለት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ጊዜውም ከዓመት ይበልጣል የሚል ነበር። ለምስክርነት የቀረቡት ባለሙያዎች ደግሞ የተጋነነ ነው፣ የጥቂት ሰዎችና የሳምንታት ሥራ ነው አሉ። ኮሚሽኑ ነሐሴ ላይ ለማጓየር ፈረደ። ድረ-ገጹ በተባለው መጠን ሳይስተካከል ጨዋታው ተጀምሮ አለቀ፤ በኅዳር ወር ኮሚቴው ለማጓየር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት። ያ ኮሚቴ በሰዓቱ ፎቶዎቹን ቢሰይም ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ እየቀረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመንግሥት ድረ-ገጾች ሁሉ ተደራሽ እንዲሆኑ የሚያስገድድ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣ። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጡ የግል ድርጅቶችንና የመንገደኛ ትራንስፖርት ድረ-ገጾችን ጭምር የሚነካ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። «ፈረንጅ አገር ነው» እንዳትሉ፣ እኛም ጋ ወረቀቱ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ ስለ መረጃና ኮሙኒኬሽን ተደራሽነት ይናገራል። አንቀጽ 30 ደግሞ ሙዚየምን፣ የቱሪዝም አገልግሎትን፣ በተቻለ መጠንም ብሔራዊ ቅርሶችን በስም ጠርቶ ያነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ይሄን የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። ሕግ ማጥናቱ ለዚህ ይጠቅማል።

ዓለም የሚሠራበት መለኪያም አለ። የድረ-ገጽን አሠራር የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ጥምረት የሚያወጣው መመሪያ ነው፤ በምህጻሩ ደብሊውካግ ይባላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ የአሁኑ 2.2 ደግሞ በ2023። ወፍራም ሰነድ ነው፣ ግን ሐሳቡ አራት ነው፦ ይዘቱ በዓይን ወይም በጆሮ መያዝ መቻል አለበት፣ በማንኛውም መንገድ መንቀሳቀስ መቻል አለበት፣ መረዳት የሚቻል መሆን አለበት፣ ከተለያዩ መሣሪያዎች ጋር መሥራት አለበት። አልቋል። ከአራቱ ሁለቱን ብዙ ሰው ስለሚያወራቸው እዘላቸዋለሁ፤ ስለ አማርኛ ግን ብዙም ሲወራ ስለማልሰማ እዚያ ላይ ልቆይ።

አንደኛ፣ ቋንቋው። እያንዳንዱ ገጽ ከጀርባው «ይህ ገጽ በዚህ ቋንቋ ነው» የሚል አንዲት አጭር ኮድ አለው። ብዙ የአማርኛ ገጾች ከእንግሊዝኛ አብነት ስለሚገለበጡ ኮዱ እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ስልኩ የአማርኛውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክርና ወይ ዝም ይላል ወይ የፊደሎቹን ስም መጥራት ይጀምራል። ጓደኛዬ አንዳንድ ገጽ ላይ በእጁ እየቀየረ ነው የሚያነበው። መፍትሔው ሁለት ፊደል መለወጥ ነው። ሁለት ፊደል ብቻ!

ሁለተኛ፣ ፎንቱ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ማለትም ዛሬ «ሀ» በየትም ዓለም በማንኛውም ስልክ «ሀ» ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። የዚያ ዘመን ሰነዶች አሁንም እየተገለበጡ ድረ-ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ በተለይ የቅርስ ጥናትና የታሪክ ጽሑፎች። ለዓይን አማርኛ፣ ለጆሮ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር።

ሦስተኛ፣ ድምፁ። ጓደኛዬ የሚጠቀመው ኢስፒክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ግን ጉንፋን የያዘው ሮቦት ይመስላል። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው የሚሠሩ የተሻሉ ድምፆች መጥተዋል፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ ኤጅ በተባለው ብራውዘሩ ውስጥ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሰው ነው የሚመስሉት። አንድ የማይቀር ጣጣ ግን አለ፦ ጽሕፈታችን ጥብቀትና ልቀትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» ያለው ነው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? እኛ ከዓረፍተ ነገሩ እንገምታለን፤ ማሽኑ ግን ሁልጊዜ አይገምትም። ስለዚህ ለድረ-ገጽ የሚጽፍ ሰው «ገና በላሊበላ» ብሎ ከሚተው «የገና በዓል በላሊበላ» ቢል ነገሩ ለጆሮም ለዓይንም ይቀላል።

አራተኛ፣ ሰዓቱ። ይሄ ማየት ለተሳነው ብቻ አይደለም፤ በመረዳት ላይ ችግር ላለበት ሰው፣ ለአረጋውያን፣ ለእኔም ጭምር ነው። አንዱ ገጽ ላይ «ከ2፡00 – 11፡00» ይላል። የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር? የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ያንኑ ቁጥር ሳይለውጡ ገልብጠውታል፤ አንድ ጀርመናዊ ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ሆቴሉ ይተኛል ማለት ነው። ዓመቱና ቀኑም ያው። ጥር 11 ብሎ መጻፍ ለኛ በቂ ነው፣ ለእንግዳ አይደለም።

አምስተኛ የፊደሉ መጠንና ቀለም። የኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነው። «ለ» እና «ሉ»፣ «ቀ» እና «ቁ» የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። እነሱን በቀጭን ግራጫ ፎንት ነጭ ላይ መጻፍ ወይም የሰማይ ፎቶ ላይ ነጭ ጽሑፍ መደራረብ ያምራል፣ አይነበብም። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ ይሄን በነጻ የሚለኩ መሣሪያዎች ሞልተዋል። አንድ ሚሊዮን ታዋቂ ድረ-ገጾችን በየዓመቱ የሚፈትሸው ዌብኤይም የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ውጤት 94.8 በመቶው የመነሻ ገጽ ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኝቶበታል፤ በብዛት የተገኘውም ይኸው የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የኛው ድረ-ገጽ ብቻውን አይደለም፣ ይሄ የሚያጽናና ከሆነ። እናንተም ብትሆኑ በጠራራ ፀሐይ መርካቶ መሃል ቆማችሁ፣ ባትሪያችሁ 9 በመቶ ሆኖ፣ የስክሪኑ ብርሃን ራሱን ቀንሶ ግራጫ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ። ያኔ ለሁለት ደቂቃ ዓይናችሁ ደካማ ነበር።

ቪዲዮም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ረስታችሁ ቲክቶክ ስታዩ ከሥሩ ጽሑፍ ያለበትን ነው የምታዩት አይደል? ለናንተ ምቾት የሆነው ነገር መስማት ለተሳነው ሰው ብቸኛው መንገድ ነው። የቱሪዝም ቪዲዮዎቻችን ድሮን አላቸው፣ ማሲንቆ አላቸው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ አላቸው፤ ጽሑፍ ግን የላቸውም። ለብዙ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ደግሞ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ ያሠለጥናል፣ ስለዚህ ባለሙያ የለም አይባልም። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ጥግ ላይ አስተርጓሚ ማስገባት ከድሮኑ ኪራይ አይበልጥም። ሌላው ቢቀር «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» የሚለው ቁጥር አጠገብ ቴሌግራም ይኑር። መስማት ለተሳነው ሰው ይደውሉ ማለት ምን ማለት ነው?

የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ጉዳይ ከኮድ ይልቅ ስለ እውነት ነው። ድረ-ገጹ እንከን የለሽ ሆኖ ቢሠራ እንኳ «ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ድንቅ ሥፍራ ነው» ካለ በኋላ የሚጠቅማቸውን ነገር ካልነገራቸው ምንም አልነገራቸውም። መሬቱ ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፣ ደረጃዎቹ እኩል አይደሉም፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያስገቡት መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፣ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ግን ታች ሳይወርዱ ከላይ ከአፋፉ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ፎቶዎቹ በብዛት የሚነሱትም ከዚያው ነው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። ሰውየው አንብቦ ራሱ ይወስን፦ እዚያ ድረስ ሄጄ ከላይ ባየው ይበቃኛል፣ ወይም አይበቃኝም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ አለቱን ጠርባችሁ ራምፕ ሥሩ ያለ የለም። የተጠየቀው አንድ አንቀጽ እውነት ነው። ስንት ደረጃ አለ? መደገፊያ ብረት አለው? መኪና እስከ የት ይገባል? ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ከሌለ «የለም» ይባል። «የለም» የሚለው ቃል ራሱ ለመንገደኛ ትልቅ መረጃ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለድረ-ገጽ አሠሪዎች። «ይህን ትንሽ ቁልፍ ገጽዎ ላይ ይለጥፉ፣ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉንም ነገር ተደራሽ ያደርግልዎታል» የሚሉ ሻጮች አሉ። ዊልቸር ወይም እጁን የዘረጋ ሰው ምስል ያለባትን ክብ ቁልፍ ሳታዩዋት አትቀሩም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ ምርቱ የማይሠራውን ይሠራል ብሎ አስተዋውቋል በሚል 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ፎቶህን ሳትሰይም፣ ቅጽህን ሳታስተካክል ከላይ የሚለጠፍ ነገር መሠረት የሌለው ቤት ላይ ቀለም መቀባት ነው። ያንን ገንዘብ ለሁለት ተፈታኞች መክፈል ይሻላል፤ አንድ ማየት የተሳነው፣ አንድ መስማት የተሳነው፣ ግማሽ ቀን፣ በክፍያ። ከ«በክፍያ» በታች አስምሩበት፤ የአካል ጉዳተኞችን አስተያየት በነጻ መውሰድ ልማድ ሆኗል።

እኔና ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን የዚያን ድረ-ገጽ ስምንት ፎቶዎች ገላጭ ጽሑፍ ጻፍንላቸው። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። ለመጀመሪያው «ውብ የሆነው የፋሲል ግንብ በጎንደር ከተማ የሚገኝ ታሪካዊ ቅርስ» ብዬ ነበር። «ውብ መሆኑን እኔ ልወስን፤ ምን ይታያል?» አለኝ። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት «የፋሲል ግንብ፣ ጎንደር። ቡናማ የድንጋይ ግንብ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች፣ ከፊት ለፊቱ አረንጓዴ ሣር» የሚል ሆነ። ስምንቱ ፎቶ አርባ ደቂቃ ፈጀብን፤ ግማሹ ጊዜ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው አይደለም በሚል ክርክር ያለቀ ነው። ጽሑፉን፣ የዋጋውን ነገርና የቅጹን ችግር ጨምረን በኢሜይል ላክን። ይሄን እስክጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። የመግቢያውን ዋጋ ጎንደር ያለ አንድ የባጃጅ ሹፌር በስልክ ነገረው፤ ትኬት ቆርጧል፣ እናቱ እስካሁን አያውቁም። ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።

እናንተም የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ የአጎታችሁ ሆቴል ወይም የምታስተዳድሩት ገጽ ካለ ዛሬ ማታ ሞክሩት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ቶክባክ። አብሩት፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የመግቢያ ዋጋውን ፈልጉ። ከማብራታችሁ በፊት ግን እንዴት እንደሚጠፋ አንብቡ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ጥቂት ሰከንድ መያዝ ነው። እሱን ሳያነብ ያበራ የክፍል ጓደኛዬ ስልኩን የሚያጠፋለት ሰው ፍለጋ ሰፈር ውስጥ ሲዞር አምሽቷል።